የሰማይ አደራ፣ የሬሳ ሣጥንና ‘እስያዊ’ የሚለው ስም፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ባለፈው እትም ስለ ቻይና ነገሥታት አንድ አንቀጽ ጽፌ ነበር። አንድ አንቀጽ ብቻ! የመጣው ጥያቄ ግን ከጥንቱ ቻይናዊ ፈላስፋ ከኮንፊሺየስ ተነስቶ ሲንጋፖር ይደርሳል። ሁሉንም መመለስ አልቻልኩም። የተደጋገሙትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ፣ ስድብ ያለበትን ደግሞ ስድቡን አውጥቼ ጥያቄውን አስቀርቻለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እኔና ጓደኛዬ ተከራክረን አልተግባባንም። እሱ ‘ቻይናዎች ሦስት ሺህ ዓመት በአንድ ሰው ሲገዙ ኖረዋል፣ ዴሞክራሲ ደማቸው ውስጥ የለም’ ይላል። እኔ ይኼ ‘ደም’ የሚሉት ነገር አይዋጥልኝም፣ ግን የምመልስለት አጣሁ። እናንተ ምን ትላላችሁ?

መልስ፦ ጓደኛህ ግማሹን ልክ ነው። በአንድ ሰው መገዛታቸው እውነት ነው። የመጨረሻው ንጉሠ ነገሥት ፑዪ ዙፋን የለቀቀው በ1912 ነው፣ ያውም የስድስት ዓመት ልጅ ሆኖ። ‘ደም’ የምትለዋ ግን የትም አታደርስም።

ከመጀመሪያው እንነሳ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1046 አካባቢ ዦው የሚባሉት ሰዎች ሻንግ የተባለውን ሥርወ መንግሥት ገለበጡ። ገልብጠው ሲያበቁ ግን ጭንቅ መጣ። እስከ ትናንት የተቀደሰ ነው ሲባል የኖረ ዙፋን፣ ዛሬ በምን አፍ ‘የኛ ነው’ ይባላል? መልሳቸው ቲያንሚንግ ሆነ። ‘የሰማይ አደራ’ ብንለው ይቀርበዋል። ሰማይ አደራውን ለደግ ገዢ ይሰጣል፣ ገዢው ከከፋ ይነጥቀዋል። ጎርፍ፣ ድርቅ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲደራረብ ሰዉ ‘አደራው ሊነሳ ነው መሰለኝ’ እያለ ማንሾካሾክ ይጀምራል። ለሥልጣን ተብሎ የተበጀ ሐሳብ መሆኑ አይካድም። ግን ልብ በል፤ ዛሬ እኔን ያነገሠኝ ምክንያት ነገ እኔኑ ለሚያወርደኝ ሰው ይሠራል።

ሜንሺየስ የሚባለው የኮንፊሺየስ መንገድ ተከታይ ደግሞ ከዚህም አለፈ። ከሁሉም ሕዝብ ይቀድማል፣ ቀጥሎ አገር ይመጣል፣ ንጉሥ ከሁሉም የቀለለ ነው አለ። አንድ ንጉሥ ‘ሹም ጌታውን መግደል ይችላል ወይ?’ ብሎ የሻንግን የመጨረሻ ንጉሥ እያሰበ ሲጠይቀው፣ ሜንሺየስ አንድ ሰውዬ መገደሉን ሰምቻለሁ፣ ንጉሥ መገደሉን ግን አልሰማሁም አለው። ክፉ የሆነ ዕለት ንጉሥነቱ አብቅቷል ማለቱ ነው።

ይህ ማንን ያስቆጣል? ንጉሥን ነዋ። የሚንግ ሥርወ መንግሥት መሥራች ሆንግው በ1394 ከሜንሺየስ ጽሑፍ 85 ቦታ አስቆርጦ አወጣ። ለፈተና የሚያጠኑ ልጆች እንዳያነቡት ነው። የሚገርመው ሰውዬው ራሱ ከድሃ ገበሬ ቤት ወጥቶ፣ በአመጽ ነው ዙፋኑ ላይ የተቀመጠው። በገባበት በር ሌላ እንዳይገባ ዘጋው።

ሌላ ወገንም አለ። ቺን የተባለው መንግሥት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ221 ቻይናን አንድ ያደረገው በሜንሺየስ ምክር አይደለም። ቅጣትና ሽልማት፣ መዝገብ፣ አንድ ዓይነት ሚዛን፣ አንድ ዓይነት ፊደል፣ በጋሪ ጎማዎች መካከል ያለው ስፋት ሳይቀር አንድ ዓይነት። ሌጋሊስት የሚባሉት አሳቢዎች ‘ሰው ደግ እስኪሆን አትጠብቅ፣ ሕጉ ያስፈራው’ ባዮች ናቸው። ቺን 15 ዓመት እንኳ በቅጡ አልቆየም። ከሱ በኋላ የመጡት ሃኖች ግን መሣሪያውን አልጣሉትም፣ ኮንፊሺየስን ደረቡበት እንጂ። ቻይናዎች ራሳቸው ‘ከውጭ ኮንፊሺየስ፣ ከውስጥ ሌጋሊስት’ የምትል አባባል አለቻቸው።

እና ለጓደኛህ እንዲህ በለው፦ የቻይና የአገዛዝ ወግ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ የቆየ፣ እስካሁንም ያላለቀ ክርክር ነው። አንዱ ተነስቶ ‘ባህላችን ይኼ ነው’ ሲል፣ ከተከራካሪዎቹ አንዱን መርጦ የሌላውን አፍ እየያዘ ነው።

አንተም ግን እንዳትፈነጥዝ። ‘ሕዝብ ይቀድማል’ ማለት ‘ሕዝብ ይመርጣል’ ማለት አይደለም። ሜንሺየስ ስለ ምርጫ ያሰበው ነገር የለም። ዛሬ ቻይናዎች ዴሞክራሲን ‘ሚንዡ’ ይሉታል። ቃሉ በጥንት ጽሑፋቸው ውስጥም አለ፤ ያኔ ግን ትርጉሙ ‘የሕዝብ ጌታ’ ነበር፣ ገዢው ማለት! በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው ተገልብጦ ሕዝቡን ጌታ ያደረገው።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ፣ እኅታችሁ ነኝ። ቻይና ውስጥ ‘ንጉሥን መገሠጽ የሹም ግዴታ ነበር’ የሚል አንብቤያለሁ። በእውነት ያደረገው ሰው አለ? ካለስ በሰላም ቤቱ ገባ?

መልስ፦ አለ። ሹማምንትን የሚቆጣጠር፣ ሲያስፈልግም ንጉሡን የሚገሥጽ መሥሪያ ቤት ራሱ ነበራቸው። ብዙዎቹ ዝም ብለው ደመወዛቸውን በሉ። አንዱን ግን ላሳይሽ።

ሃይ ሩይ ይባላል። በ1566 ለሚንጉ ንጉሠ ነገሥት ለጅያጂንግ ደብዳቤ ጻፈ። ንጉሡ ችሎት መቀመጥ ከተወ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፣ ያለመሞት መድኃኒት ያስቀምማል። ሃይ ሩይም ‘አገሩ እርስዎ ትክክል አይደሉም ካለ ቆይቷል’ አለው። በቀጥታ! ከመላኩ በፊት የሬሳ ሣጥን ገዛ፣ ሚስቱን ተሰናበተ፣ አሽከሮቹም ሸሽተው ተበተኑ። ንጉሡ አንብቦ ወረቀቱን መሬት ወረወረና ‘ያዙት፣ እንዳያመልጥ!’ ብሎ ጮኸ። አጠገቡ የቆመው ጃንደረባ ቀስ ብሎ ‘አያመልጥም፣ የሬሳ ሣጥኑን ገዝቶ ነው የሚጠብቀው’ አለ። ንጉሡ ዝም አለ። ወረቀቱን መልሶ አንስቶ ደጋግሞ አነበበው። አሰረው እንጂ አልገደለውም።

እኔን የምትገርመኝ ግን ከዚህ በኋላ ያለችው ናት። ወራት ቆይቶ ንጉሡ ሞተ። የእስር ቤቱ ኃላፊ ወሬውን ቀድሞ ሰማ። ይኼ ሰውዬ ተፈትቶ ትልቅ ሰው መሆኑ አይቀርም ብሎ ጥሩ ምግብና መጠጥ አቀረበለት። ሃይ ሩይ ደግሞ ‘በቃ፣ ነገ ሊገድሉኝ ነው’ ብሎ ጥግብ እስኪል በላ። ያኔ ኃላፊው ጠጋ ብሎ በጆሮው ‘ንጉሡ አረፉ’ አለው። ሃይ ሩይ የበላውን ሁሉ አስመለሰው። መሬት ወድቆ ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስ አደረ። ያሰረው ሰውዬ ስለሞተ!

አየሽ፣ ይህ ዛሬ ተቃዋሚ የምንለው ዓይነት ሰው አይደለም። ንጉሡን የሚገሥጸው ስለሚወደው ነው። የወጉ ጉልበትም ድካምም እዚችው ላይ ነው፦ ገሣጩ ብቻውን ነው፣ ሣጥኑን በራሱ ገንዘብ ይገዛል፣ ከጀርባው ነፃ ፍርድ ቤት የለ፣ ምክር ቤት የለ። ንጉሡ የዚያን ቀን ተነጫንጮ ከተነሳ አለቀ።

ታሪኩ ደግሞ አላለቀም። በ1959 ማኦ ራሱ ካድሬዎቹን ‘ከሃይ ሩይ ድፍረት ተማሩ’ አላቸው። የታሪክ ምሁሩና የቤጂንግ ምክትል ከንቲባ የነበረው ዉ ሃን ይህን ሰምቶ ስለ ሃይ ሩይ ተውኔት ጻፈ። በ1965 መጨረሻ አንድ ጋዜጣ ተውኔቱን ክፉኛ የሚነቅፍ ጽሑፍ አወጣ፣ ነገሩም ‘ማኦን በስውር የሚወጋ ነው’ ወደሚል ክስ አደገ፤ የባህል አብዮቱም፣ ማኦ ወጣቶችን በአሮጌው ወግና በፓርቲው ሰዎች ላይ ያስነሳበት ዘመቻ፣ እሳቱ የተለኮሰው በዚሁ ነው። ዉ ሃን በ1969 እስር ቤት ሞተ። ከሃይ ሩይ 400 ዓመት ዘግይቶ፣ የባሰ ዕጣ ደረሰው።

ጥያቄ፦ የመንግሥት ሥራ በፈተና መግባት የቻይና ፈጠራ ነው ይባላል። ምዕራባውያን ከነሱ ወስደውት ነው ወይስ የኩራት ወሬ ነው?

መልስ፦ ወስደዋል። እንዳለ አልገለበጡትም እንጂ ወስደዋል።

ፈተናው የተጀመረው በሱይ ሥርወ መንግሥት፣ በ600ዎቹ መጀመሪያ ነው። በሶንግ ዘመን ሰፋ፣ በ1905 ተሻረ። 1300 ዓመት ገደማ ማለት ነው። ናንጂንግ ያለው የፈተና ቅጥር በመጨረሻዎቹ ዘመናት ከ20 ሺህ በላይ ክፍሎች ነበሩት። ‘ክፍል’ ስል ደግሞ የመማሪያ ክፍል እንዳይመስላችሁ። በር የሌላት፣ አንድ ሰው የምትይዝ ጠባብ ጉሬ ናት፣ ሁለት ሳንቃ አላት። አንዱ ሳንቃ መቀመጫ፣ ሌላው መጻፊያ። ሲመሽ ሁለቱን አጋጥመህ ትተኛለህ፣ እግር መዘርጋት ግን የለም። ምግብህን፣ ሻማህን፣ መጸዳጃህን ይዘህ ነው የምትገባው፣ ለቀናት አትወጣም። በር ላይ ይፈትሹሃል፣ ምክንያቱም ሸሚዛቸው ውስጥ ሙሉ መጽሐፍ ጉንዳን በሚያክል ፊደል ጽፈው የሚገቡ ነበሩ። ኩረጃ እንግዲህ ዛሬ የመጣ አይደለም።

መልስህን በጥቁር ቀለም ትጽፋለህ። ስምህ ይሸፈናል። ከዚያ ጸሐፊዎች ተቀምጠው የሁሉንም ወረቀት በቀይ ቀለም ይገለብጣሉ፣ አራሚው የሚያየው ቀዩን ብቻ ነው። የዘመዱን ልጅ የእጅ ጽሑፍ አውቆ እንዳያዳላ። ይቺን ሥርዓት ሳስብ ባርኔጣዬን አነሳለሁ፤ ዛሬም ቢሆን ይህን ያህል የሚደክም መሥሪያ ቤት ጥቂት ነው።

ግን ሴት አትፈተንም። ለዓመታት ቁጭ ብሎ ማጥናትም ገንዘብ ይጠይቃል። አብዛኛው ደግሞ ይወድቃል። ሆንግ ሺውቹዋን የሚባል ሰው ደጋግሞ ወደቀ፣ ታመመ፣ ራእይ አየሁ አለ፣ በመጨረሻም ‘የኢየሱስ ታናሽ ወንድም ነኝ’ ብሎ ተነሳ። ከ1850 እስከ 1864 የቆየው የታይፒንግ አመጽ ይኸው ነው፣ በትንሹ 20 ሚሊዮን ሰው አልቆበታል። አንድ የወደቀ ተፈታኝ!

ወደ ምዕራቡ ስንመለስ፣ በ1854 እንግሊዝ ውስጥ ለመንግሥት የቀረበ ሪፖርት ‘በዝምድና መቅጠር ይቅርና በፈተና ይሁን’ አለ። ሐሳቡ ቻይና ደርሰው በመጡ ነጋዴዎችና በምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ሰዎች ዘንድ ቀድሞ ይታወቅ ነበር፣ ያልወደዱትም ‘ይኼ የቻይና ነገር ነው’ ብለው ነቅፈውታል። አሜሪካ በ1883 ተከተለች። ከዚያ በ1905 ቻይና ‘እንደ ምዕራቡ ዘመናዊ እንሁን’ ብላ ፈተናውን ጣለችው። ምዕራቡ ገና መፈተን መጀመሩ ነበር!

የቻይና ሪፐብሊክ መሥራች ሱን ያትሰን ግን ነገሩ ገብቶታል። ከምዕራቡ ሦስቱን ሥልጣኖች፣ ሕግ አውጪውን፣ አስፈጻሚውንና ተርጓሚውን፣ ወሰደና ከአገሩ ወግ ሁለት ጨመረበት፤ አንዱ ፈተና፣ አንዱ ቁጥጥር። ታይዋን ዛሬም አምስቱም አሏት። ቤጂንግም ከፈተና አላመለጠችም። በቅርብ ዓመታት ለማዕከላዊ መንግሥት ሥራ በየዓመቱ ከ3 ሚሊዮን በላይ ሰው ለመፈተን ያመለክታል፣ ቦታው 40 ሺህ አይሞላም።

ጥያቄ፦ ‘እስያዊ ማንነት’ ሲባል ግራ ይገባኛል። ጃፓናዊና ሕንዳዊና ቻይናዊን ምን አንድ ያደርጋቸዋል? ሩዝ?

መልስ፦ ሩዝም አያደርጋቸውም፣ የሰሜን ቻይና ሰው ስንዴ ነው የሚበላው።

ስሙ ራሱ የግሪክ ነው። ማቴዎ ሪቺ የሚባል ኢጣሊያዊ ቄስ በ1602 ቤጂንግ ላይ የዓለም ካርታ አሳተመ፣ እስያንም በቻይና ፊደል ‘ያሺያ’ ብሎ ጻፈ። ድምፁን ለማምጣት የመረጠው የመጀመሪያ ፊደል ትርጉሙ ‘ሁለተኛ፣ ተከታይ’ ነው። ራሱን ‘መካከለኛው መንግሥት’ ብሎ ለሚጠራ አገር አስቡት።

ስሙን ከለመዱት በኋላ ሁሉም ለየጉዳዩ ተጠቀመበት። በ1885 አንድ የጃፓን ጋዜጣ ‘ከእስያ እንውጣ’ የሚል ርእሰ አንቀጽ አወጣ፣ የጻፈው ፉኩዛዋ ዩኪቺ ነው ይባላል። ከቻይናና ከኮሪያ ጋር ስንታይ ምዕራቡ እኛንም በነሱ ዓይን ያየናል ነው ነገሩ። በ1903 ደግሞ ሌላው ጃፓናዊ ኦካኩራ ካኩዞ ‘እስያ አንድ ናት’ አለ። በምን ቋንቋ? በእንግሊዝኛ፣ ለንደን አሳትሞ!

በ1924 ሱን ያትሰን ጃፓን ውስጥ ኮቤ ላይ ንግግር አደረገ። የምዕራቡ መንገድ ‘ባዳኦ’ ነው፣ በጉልበት መግዛት፤ የእስያ መንገድ ግን ‘ዋንግዳኦ’ ነው፣ በመልካምነት መሳብ አለ። ቃሉ ከሜንሺየስ ዘመን የመጣ ነው። ስምንት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1932፣ ጃፓን የያዘችው ማንቹሪያ ላይ ማንቹኩዎ የሚባል የአሻንጉሊት መንግሥት አቆመች፣ ያንን ፑዪንም አምጥታ አስቀመጠችበት። መፈክሩስ? ያው ‘ዋንግዳኦ’። ‘እኛ እስያውያን’ የሚል ድምፅ ስሰማ ጆሮዬን ቀጥ የማደርገው በዚህ ምክንያት ነው። ተናጋሪው ማን ነው? ወታደሩስ የት ቆሟል?

እስያዊነት በደንብ ሥጋ የለበሰው፣ ልንገራችሁ፣ ከእስያ ውጭ ነው። ‘እስያዊ አሜሪካዊ’ የሚለውን ስም በ1968 ካሊፎርኒያ ውስጥ ተማሪዎች አወጡት። በ1982 ደግሞ ዲትሮይት ውስጥ ሁለት ሰዎች አንድ የ27 ዓመት ቻይናዊ አሜሪካዊ ደብድበው ገደሉ። ጊዜው ‘የጃፓን መኪና ሥራችንን በላው’ የሚባልበት ነበር። ልጁ ጃፓናዊ እንኳ አይደለም። ጉዳዩን መጀመሪያ ያየው ዳኛ ገዳዮቹን በገደብና በ3 ሺህ ዶላር ቅጣት ለቀቃቸው። ያኔ ነው ቻይናዊው፣ ጃፓናዊው፣ ኮሪያዊው፣ ፊሊፒናዊው አብሮ አደባባይ የወጣው። በአገር ቤት ወንዝ የማያሻግራቸው ሰዎች ናቸው እኮ፣ ደብዳቢው ግን አልለያቸውም።

ጥያቄ፦ እናንተ ጋዜጠኞች ዴሞክራሲ ዴሞክራሲ ማለት ታበዛላችሁ። የሲንጋፖር መሪ የነበረው ሊ ኳን ዩ ‘የእስያ እሴት ሌላ ነው፣ ሥርዓት ይቅደም’ ብሎ አገሩን አበለጸገ። ምን ቀረባት?

መልስ፦ ሲንጋፖር መበልጸጓ፣ ንጹሕ አስተዳደር ማቆሟ፣ አብዛኛውን ሕዝቧን የቤት ባለቤት ማድረጓ እውነት ነው። ይህን የሚያቃልል ሰው ከንቱ ነው። ጥያቄው ይህን ያመጣው ‘እስያዊነት’ ነው ወይ የሚለው ነው።

ሊ ኳን ዩ በ1994 ለአንድ የአሜሪካ መጽሔት ሰፊ ቃለ ምልልስ ሰጥቶ ነበር። ቤተሰብ ከግለሰብ ይቀድማል፣ የምዕራቡን ሥርዓት እንዳለ በኛ ላይ መጫን አይሆንም፣ ባህል ዕጣ ፈንታ ነው የሚል ይዘት አለው። አሁን ሰውዬውን እንየው። ካምብሪጅ ሕግ የተማረ፣ በወጣትነቱ ‘ሃሪ’ የሚባል፣ የቻይናን ማንዳሪን ካደገ በኋላ በጥናት ያወቀ ሰው ነው። የአገሩ ፍርድ ቤትና የሕግ ሥርዓት ከእንግሊዝ የወረሰው፣ የሥራ ቋንቋው እንግሊዝኛ። ይህ እንግዲህ ‘ንጹሕ እስያ’ ነው? እኔ በበኩሌ ጎበዝ ቅይጥ ነው እላለሁ።

በዚያው ዓመት በዚያው መጽሔት መልስ የሰጠው ደግሞ ደቡብ ኮሪያዊው ኪም ዴጁንግ ነው። ይህ ሰው በ1973 ከቶኪዮ ሆቴል ተጠልፏል፣ በ1980 ሞት ተፈርዶበታል፣ ታስሯል፣ ተሰዷል። መልሱ ላይ ‘ምዕራቡን እንምሰል’ አላለም። ሜንሺየስን ነው የጠራው! ክፉ ንጉሥን ማውረድ ይገባል የሚለው ትምህርት ከአውሮፓ ፈላስፎች ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ ቀድሞ እኛ ዘንድ ነበር፣ የዴሞክራሲ ዘር አገራችን ውስጥም አለ አለ። ሁለቱም ከአንድ ጎተራ ነው የዘገኑት፤ ሊ ሥርዓቱን አወጣ፣ ኪም ሜንሺየስን። በ1997 መጨረሻ ኪም ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ።

እኔ ለማን እንደማደላ ገብቷችኋል። ታይዋን ወታደራዊ አዋጇን በ1987 አንስታ በ1996 ፕሬዚዳንቷን በቀጥታ መረጠች፣ ባህሏ ያው ነው። ኮሪያ ውስጥ ደግሞ በታኅሣሥ 2024 ፕሬዚዳንቱ ማታ በቴሌቪዥን ወጥቶ ወታደራዊ አዋጅ አወጀ። የምክር ቤት አባላት አጥር እየዘለሉ ገብተው በሦስት ሰዓት ውስጥ 190 ለ0 ሻሩት፣ በሚያዝያ ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት ከሥልጣን አነሳው። የሃይ ሩይን ሣጥን አስታወሳችሁ? እነዚህ ሰዎች ሣጥን መግዛት አላስፈለጋቸውም።

ጥያቄ፦ የቻይና ኮሚኒስት ፓርቲ አሁን ኮንፊሺየስን ይወዳል ወይስ ይጠላል? በአጭሩ።

መልስ፦ በአጭሩ፣ እንደ ወቅቱ ነው። በ1966 የባህል አብዮቱ ወጣቶች፣ ቀይ ዘበኞች የሚባሉት፣ ወደ ትውልድ ከተማው ቹፉ ሄደው መቃብሩን አፈራረሱ። በጥር 2011 ቁመቱ 9.5 ሜትር የሆነ የነሐስ ሐውልቱ ቲያንአንመን አደባባይ አጠገብ ቆመ። በሚያዝያ ሰዉ ጠዋት ሲነሳ ሐውልቱ የለም፣ ሌሊት አንስተው እዚያው ያለው ብሔራዊ ሙዚየም ግቢ አስገብተውታል። በ2013 ደግሞ ሺ ጂንፒንግ ቹፉን ጎበኘ። ሽማግሌው ሰንብቷል፣ ይህንንም ያያል።

ጥያቄ፦ እነዚህ ነገሥታት የሚፈሩት ነገር ምን ነበር? ሰማይን ብቻ?

መልስ፦ ታሪክ ጸሐፊን። ይህኛው ከኮሪያ ነው፣ የጆሶን ነገሥታት የቻይናን ወግ ከቻይናም አጥብቀው ይዘውት ነበርና። ጸሐፊው ከንጉሡ ጎን አይጠፋም፣ የጻፈውን ደግሞ ንጉሡ ራሱ እንዲያይ አይፈቀድለትም። በ1404 ንጉሥ ቴጆንግ ሚዳቋ እያሳደደ ሳለ ፈረሱ ተሰናከለና ወደቀ። አልተጎዳም። ተነሳ፣ ግራና ቀኝ አየና ‘ጸሐፊው እንዳያውቅ’ አለ። መውደቁም፣ ‘ጸሐፊው እንዳያውቅ’ ማለቱም ተጽፎ ተገኘ፣ ዛሬ ማንም ሰው ኢንተርኔት ላይ ገብቶ ያነበዋል።